የእንጨት መላጊያ ማሽን ለቤት ሲገዙ

ማርሞሬክ ውስጥ ጓሮ ያላችሁና ጡረታ ስትወጡ የእንጨት ሥራ ያማራችሁ አባቶች፣ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ይህ ማሽን የተጣመመ ሳንቃ አንድ ገጹን ያቀናል፣ ጠርዙንም 90 ዲግሪ ያስይዛል። ውፍረት የሚያስተካክለው ሌላ ማሽን ነው፤ ሻጩ እንዳያምታታባችሁ። ለበርጩማና ለመደርደሪያ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል። ይልቅ የገበታውን ርዝመት እዩ፤ ረጅም ሳንቃ በአጭር ገበታ ላይ አይቀናም። ዘመድ ከአሜሪካ ልላክ ቢል ደግሞ፣ የዚያ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 230 ነው።

እኔ ነርስ ስለሆንኩ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው የምላጩን መሸፈኛ ነው። እንጨቱ ሲያልፍ ገለል ብሎ ወዲያው መልሶ መክደን አለበት። ያገለገለ ማሽን ላይ ተነቅሎ ካገኛችሁት፣ በነጻም ቢሰጧችሁ ተዉት። መጋዝ የቆረጠው ጣት አንዳንዴ ይሰፋል፤ ይህ ማሽን ግን ይፈጨዋል፣ የሚሰፋ ነገር አይተርፍም።

ጓንት አታድርጉ፤ ምላጩ ጓንቱን ይዞ እጅን ይጎትታል። ከ30 ሴንቲ ሜትር ያጠረ እንጨት አታሳልፉ፤ ሌላውንም በመግፊያ እንጂ በመዳፍ አትግፉ። የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ብቻችሁን አትሥሩ። ከተቆረጣችሁ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ሌላ ሰው 101 ይደውል።