የአማርኛ ድርደራ በኮምፒዩተር

የአማርኛ ድርደራ በአማርኛ የተጻፉ ስሞችንና ቃላትን በኮምፒዩተር በፊደል ተራ ማስቀመጥ ነው። ሥራውን የሚያከናውነው ደርዳሪ ፕሮግራም (ሶርት) ሲሆን፣ ሌሎች ፕሮግራሞች እሱን የሚያዙበት መንገድ በይነገጽ ይባላል።

የሜንፍሬም ደርዳሪ

ሜንፍሬም የሚባሉት ትልልቅ የድርጅት ኮምፒዩተሮች እጅግ ብዙ መዝገቦችን የሚደረድር ፕሮግራም አላቸው፤ ለምሳሌ የአይቢኤም ዲኤፍሶርት። በመሠረታዊ ትእዛዙ የሚነገረው የመደርደሪያው ቁልፍ ከስንተኛው ባይት እንደሚጀምር፣ ርዝመቱ፣ ዓይነቱና አቅጣጫው ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ የ20 ፊደል ስም 60 ባይት ይሆናል። ቁልፉ 20 ባይት ነው ተብሎ ከታዘዘ ድርደራው 7ኛውን ፊደል እንኳ ሙሉ አያይም።

የሞክሼ ፊደላት ችግር

ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ፊደላቱ በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ስለተቀመጡ የኮድ ቁጥራቸውን ማወዳደር ብዙ ጊዜ ይበቃል። በአማርኛ ግን ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ አንድ ድምፅ አላቸው። የደቡብ ጎንደር ቦታዎች በኮድ ቁጥር ብቻ ሲደረደሩ እንዲህ ይሆናሉ፦

* ሀሙሲት
* ሊቦ ከምከም
* ሐሙሲት
* አለም በር
* አንበሳሜ
* ወረታ
* ዓለም በር

ሐሙሲትና ዓለም በር ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ተራርቀው ወጡ። በሰው ስም ሲሆን ጉዳቱ ይከፋል፤ «ዓለሙ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው በ«አለሙ» ቦታ ሲፈለግ አይገኝም፣ ወይም እንደገና ይመዘገባል።

ሁለት ቁልፍ

መፍትሔው ለእያንዳንዱ መዝገብ ስውር የመደርደሪያ ቁልፍ ማዘጋጀት ነው። በቁልፉ ውስጥ አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ ወደ አ፣ ሌሎቹም ሞክሼዎች ወደየአንድ ፊደላቸው ይመለሳሉ። ሁለት መዝገቦች እኩል ሲሆኑ የመጀመሪያው አጻጻፍ እንደ ሁለተኛ ቁልፍ ይለያቸዋል። ባለቤቱ የጻፈው ስም አይነካም። በዲኤፍሶርት ይህን ከድርደራው በፊት መዝገቡን በሚቀበል ተጨማሪ ፕሮግራም መሥራት ይቻላል።

ቀላል በይነገጽ

ቀላል በይነገጽ ባይት አያስቆጥርም፤ የመስኩን ስም፣ የቋንቋውን ሕግና አቅጣጫውን ብቻ ይጠይቃል። ሕጉ ፕሮግራሙ ውስጥ ተቆልፎ መቅረት የለበትም፤ በትግርኛ ሀና ሐ፣ አና ዐ የተለያየ ድምፅ አላቸውና። ኢትዮጵያውያን በቤተሰብ ስም ስለማይጠሩም ድርደራው በራስ ስም ጀምሮ ወደ አባት፣ ከዚያም ወደ አያት ስም መሄድ አለበት።