ለውዝና እንቁላል ለሕፃን መቼ ይጀመር? “ትንሽ ይደግ” የሚለው ምክር ለምን ተቀየረ?

“ለውዝ ለሕፃን? ተዉ እንጂ፣ ትንሽ ይደግ!” ልጅ ያላችሁ ይሄን ሳትሰሙ አትቀሩም። እንቁላል፣ ዓሳና ሰሊጥም እንደዚሁ ይፈራሉ። ስጋቱ አለርጂ ነው። አሁን ሐኪሞች የሚሉት ግን ሌላ ነው፦ ማዘግየት ልጁን ከአለርጂ አይጠብቀውም፤ እንዲያውም ሊያጋልጠው ይችላል።

ምክሩ እንዴት ተቀየረ?

እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለአለርጂ የተጋለጡ ልጆች 3 ዓመት ሳይሞላቸው ለውዝ (ኦቾሎኒ) እንዳይቀምሱ ይመክር ነበር። በኋላ ግን ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። እንግሊዝ ያሉ አይሁድ ልጆች ላይ የለውዝ አለርጂ እስራኤል ካሉት 10 እጥፍ ያህል በዝቶ ተገኘ። እስራኤል ውስጥ ሕፃናት ገና ዓመት ሳይሞላቸው “ባምባ” የሚባል፣ ከለውዝ የሚሠራና አፍ ውስጥ የሚሟሟ መክሰስ ይበላሉ። እዚያ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን በደንብ ታውቁታላችሁ።

ነገሩን ለማጣራት ለንደን ላይ ከ4 እስከ 11 ወር የሆናቸው 640 ሕፃናት በጥናት ታቀፉ። ሁሉም ከባድ ችፌ (ኤክዜማ) ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው ነበሩ። ግማሾቹ በሐኪም ክትትል በየሳምንቱ ለውዝ በሉ፤ ግማሾቹ ጨርሶ አልቀመሱም። ውጤቱ በ2015 ይፋ ሆነ፦ 5 ዓመት ሲሞላቸው ካልበሉት ከ100 ልጅ 17ቱ፣ ከበሉት ደግሞ 3ቱ ብቻ አለርጂ ነበረባቸው።

ለምን? በአፍ የገባ ምግብ የሰውነትን መከላከያ “ይሄ ምግብ ነው” ብሎ ያለማምደዋል። በተጎዳ ቆዳ በኩል ቀድሞ ከገባ ግን እንደ ጠላት ሊቆጠር ይችላል።

እንዴት ይጀመር?

የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል ይላል። ከዚያ ተጨማሪ ምግብ ሲጀመር እነዚህም አብረው ይግቡ፦

1. ልጁ ጉንፋንም ትኩሳትም በሌለበት ቀን፣ በጠዋት ጀምሩ። ማታ አይሁን።

2. አንድ አዲስ ምግብ ብቻ ስጡ። ሌላ ለመጨመር 2 ወይም 3 ቀን ጠብቁ።

3. እንቁላሉ ነጩም አስኳሉም እስኪጠነክር ተቀቅሎ ይፈጭ። ለውዙ ያልሻገተ ይሁን፤ ልሞ ተፈጭቶ ወይም የለውዝ ቅቤ በሞቀ ውሃ ቀጥኖ ገንፎው ላይ ይጨመር።

4. በማንኪያ ጫፍ አቅምሱትና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ደህና ከሆነ ቀሪውን በቀስታ ይብላ። ለ2 ሰዓት ያህል ዓይናችሁን አትንቀሉ።

5. ከተስማማው አታቋርጡ፤ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ስጡት። ጾም ሲገባ ቤት ውስጥ እንቁላል ይቆማል። ሕፃን ግን አይጾምም፤ የሱ በትንሽ ድስት ለብቻው ይቀቀልለት።

ጥንቃቄ!

ለውዝ በፍሬው 5 ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥ። ይሄ ስለ አለርጂ አይደለም፤ ያንቃል። ወፍራም የለውዝ ቅቤም እንዳለ አታጉርሱ።

ልጁ ከባድ ችፌ ካለበት ወይም ከዚህ በፊት ምግብ አስቸግሮት ከነበረ፣ ለውዝና እንቁላል ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይየው።

ምን ስናይ እንደንግጥ?

ሽፍታ ከወጣበት ወይም ካስመለሰው ምግቡን አቁሙና ሐኪም አማክሩ። ትንፋሽ ካጠረው፣ ሲተነፍስ ሲር ሲር ካለ፣ ምላሱ ካበጠ፣ ከገረጣ ወይም ከተዝለፈለፈ ግን “እስኪ ትንሽ እንየው” አትበሉ። ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል! ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል።

“ይደግ” የሚሉን እናቶችና አያቶች ለልጁ ሰስተው ነው። ይሄን አንብቡላቸው፤ ልጅ ላላቸው ጓደኞቻችሁም አጋሩ።