ክፍል መግባትና መማር፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች በመደበኛ ትምህርት ቤት



የአእምሮ እድገት ውስንነት አንድ ልጅ ነገሮችን ለመረዳት፣ ለማገናዘብና የዕለት ኑሮውን በራሱ ለማከናወን ከእኩዮቹ ጎልቶ በሚታይ መጠን የሚቸገርበት፣ ከልጅነት የሚጀምር ሁኔታ ነው። የአእምሮ ሕመም አይደለም፤ ስንፍናም እርግማንም አይደለም። ዳውን ሲንድሮም፣ በወሊድ ጊዜ የሚደርስ የአየር እጥረት፣ ማጅራት ገትር፣ በእርግዝና ወቅት የሚከሰት ከባድ የአዮዲን እጥረት ከመንስኤዎቹ መካከል ናቸው።

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ሁለት ነገሮችን ያዛል፦ ማንም በጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ ትምህርት እንዳይገለልና በዚያው ሳለ የሚያስፈልገውን ድጋፍ እንዲያገኝ። ብዙዎቻችን የፊተኛውን ይዘን የኋለኛውን እንዘነጋለን። ልጁ ተመዝግቦ፣ ደብተር ተገዝቶለት ከኋላ ወንበር ሲቀመጥ ቢውል ክፍል ገባ እንጂ ተማረ አይባልም።

ታዲያ መምህሩ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ትምህርቱን ይከፋፍል። መደመርን በመጀመሪያ በቆርኪ፣ ቀጥሎ በወረቀት ላይ በተሣሉ ነጥቦች፣ በመጨረሻም በአኃዝ ያስተምር። አንዱ ሳይጸና ወደ ሌላው አይለፍ።

ሁለተኛ፣ ትእዛዝን አንድ በአንድ ይስጥ። «ደብተር አውጡ፣ ገጽ 12 ግለጡ፣ ሦስተኛውን ጥያቄ ሥሩ» ማለት ለዚህ ልጅ ሦስት ሸክም በአንድ ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፣ እገዛውን ቀስ በቀስ ይቀንስ። መጀመሪያ እጁን ይዞ ያሠራው፣ ከዚያ በጣት ያመልክተው፣ ከዚያም ዝም ብሎ ይጠብቀው። አጠገቡ የሚቀመጥ ጓደኛም የሚያሳየው እንጂ የሚሠራለት አይሁን።

አራተኛ፣ ግቡን ከልጁ ጋር ያመጣጥን። ሌሎች ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥሮችን ሲደምሩ እርሱ 10 ብርን ከ50 ብር ለይቶ ቢቆጥር ያው የሒሳብ ትምህርት ነው።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቁርኣን ቤት አንዱ ልጅ ሉሑን ይዞ ፊደል ሲለይ አጠገቡ ያለው ጁዝ አምማን ይቀራል። በቄስ ትምህርት ቤትም አንዱ ፊደል ሲቆጥር ሌላው ዳዊት ይደግማል። መምህሩ አንድ ነው፣ ጣሪያውም አንድ ነው፤ ትምህርቱ ግን እንደየልጁ ነው።

ወላጅ አልባ ለሆነ ልጅ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል፤ «ለምን ከኋላ ተቀመጠ?» ብሎ የሚጠይቅለት እናት ወይም አባት የለውምና። ስለዚህ አሳዳጊው ሦስት ነገሮችን ይፈጽም። ልጁ በዚህ ዓመት የሚማረው በግል ዕቅድ እንዲጻፍለት ትምህርት ቤቱን ይጠይቅ። ልጁ በቤት ውስጥ የሚችለውን ለመምህሩ ይንገር። ጆሮውንና ዓይኑን ያስመርምር፤ በተለይ ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ልጆች የመስማትና የማየት ችግር ስለሚበዛ «አይገባውም» የተባለው ልጅ «አይሰማም» ሊሆን ይችላል።

ይህ ልጅ ነገ ከሱቅ ፊት ብቻውን ይቆማል። መልሱን ቆጥሮ መቀበል ከቻለ ማንም አያታልለውም። ያንን የሚማረው ግን ዛሬ፣ በቆርኪ ነው።