ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ባልንጀሮችና ስለ ፍቅራቸው አጻጻፍ

ታሪክ የሰውን ጠባይ ያሳምራል፥ ወይም ያበላሻል። አባቶቻችን ማታ በምድጃ ዙሪያ ተቀምጠው ተረት ሲነግሩ፥ ልጁ ከሰማቸው ባለታሪኮች የሚወደውንና የሚጠላውን እየለየ ያድግ ነበር። ዛሬ በብዙ ቤት የምድጃውን ቦታ የኮምፒዩተር መስተዋት ይዞታል፤ ልጆቻችንም ታሪኩን ከመስማት አልፈው ራሳቸው ገብተው ይውሉበታል። ስለዚህ ይህን ታሪክ ማን እንደሚጽፈውና እንዴት አድርጎ እንደሚጽፈው መጠየቅ የወላጅ ሁሉ ተግባር ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ነገር እንደሚከተለው ነው። ባለፈው የበዓል ሰሞን በገርጂ፥ በመብራት ኃይል ሰፈር ወደሚኖሩት ታላቅ እኅታችን ቤት ለጥየቃ ሄደን ነበር። ቡናው እስኪፈላ ድረስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው ልጃቸው ቀርቦ፥ «ጋሼ፥ እርስዎ የቀድሞውን ሰው አነጋገር ያውቃሉና ይህን ጽሕፈት ይዩልኝ» አለን። ተቀብለን ስናየው፥ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በአማርኛ ሊሠራው ያሰበው የአንድ ቪዲዮ ጨዋታ ንግግር ሁኖ አገኘነው።

ይህ ዓይነቱ ጨዋታ ምን እንደ ሆነ ለማያውቁት አንባብያን በአጭሩ እንገልጻለን። ተጫዋቹ አስማትና ዘንዶ ባለበት የልብ ወለድ አገር የአንድ ጀግና ቦታ ይሰጠዋል። በመንገዱም ላይ ባልንጀሮች ያገኛል፤ ከእርሱ ጋር ይዋጋሉ፤ ማታም በሰፈሩ እሳት ዙሪያ ያወጉታል። እርሱም የሚመልሰውን ቃል ከተጻፉለት ሦስት ወይም አራት መልሶች አንዱን መርጦ ይናገራል። ከባልንጀሮቹም አንዳንዶቹ፥ ተጫዋቹ የፈለገ እንደ ሆነ፥ እስከ ፍቅር ይደርሳሉ።

የእኅታችን ልጅ የጻፋት ባልንጀራ አገሯን ጠላት የነጠቃት የአንድ ራስ ልጅ ናት። መልኳና ጀግንነቷ በመልካም አማርኛ ተጽፏል። ነገር ግን ጀግናው አንድ የብር ድሪ፥ አንድ የጥበብ ቀሚስና አንድ ገንቦ ጠጅ የሰጣት እንደ ሆነ ወዲያው «ወደድሁህ» ትለዋለች። ከዚያ በኋላ ቢዋሽም፥ ድሃ ቢበድልም፥ መንደር ቢያቃጥልም ቃሏ አይለወጥም። ታናሽ እኅቱ ከኋላው ቁማ ስታነብ ቆይታ፥ «ይህችማ ሱቅ ናት እንጂ ሴት አይደለችም፤ የከፈለ ሁሉ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል» አለችው። ልጁ አፈረ፤ እኛም ሣቅን። ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ግን ነገሩ ከልባችን አልወጣም።

በዚህ ሥራ ስማቸው የታወቀ የውጭ አገር ጸሐፊዎች ይህንኑ ችግር እንዴት እንደ ተወጡት መረመርን። በካናዳ፥ በኤድመንተን ከተማ የተቋቋመው ባዮዌር የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ሁለተኛውን «ባልዱርስ ጌት» አወጣ። በዚያ ጨዋታ ጃሂራ የምትባል ተዋጊ አለች፤ ገና በታሪኩ መጀመሪያ ባሏ ተገድሎ ታገኘዋለች። ጸሐፊዎቹም የፍቅሯን ነገር በአንድ ማታ አልጨረሱትም፤ በረጅሙ ጉዞ ውስጥ ጥቂት ጥቂት እያሉ አመጡት እንጂ። ሐዘንተኛን ሴት የሚወድ ሰው መታገሥ እንዲገባው ተጫዋቹ የሚማረው በምክር አይደለም፤ በመጠበቅ ነው።

ይኸው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. «ድራገን ኤጅ» የተባለውን አስከተለ፤ የጸሐፊዎቹም አለቃ ዴቪድ ጌይደር ነበረ። በዚህ ጨዋታ የባልንጀሮች ወዳጅነት በቍጥር ይለካል፤ ስጦታም ቍጥሩን ከፍ ያደርገዋል። የእኅታችን ልጅ የተሳሳተውም ይህን ሕግ አይቶ ሌላውን ስላላየ ነው። ሌሊያና የምትባለው ባልንጀራ በእምነቷ የጸናች ናት፤ ጀግናው በእርስዋ ዘንድ የተቀደሰውን አመድ ያረከሰ እንደ ሆነ፥ ስንት ስጦታ ተቀብላ ብትሆንም መሣሪያዋን አንሥታ ልትወጋው ትችላለች። አሊስተር የሚባለው ደግሞ ሳይታወቅ ያደገ የንጉሥ ልጅ ነው፤ ዙፋኑን የያዘ እንደ ሆነ፥ ከመሳፍንት ወገን ያልተወለደችውን ወዳጁን እስከ መተው የሚደርስበት መንገድ አለ። ዘውድና ልብ እንዴት እንደሚጣሉ የአገራችንን የመሳፍንት ታሪክ ላነበበ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. የቤልጅግ ኩባንያ የሆነው ላሪያን ሦስተኛውን «ባልዱርስ ጌት» አወጣ። በዚህ ውስጥ ካርላክ የምትባል ተዋጊ በደረቷ በልብ ፈንታ የሲኦል እሳት የሚነድበት መሣሪያ ተተክሎባታል፤ ሰውነቷ ስለሚያቃጥል፥ መሣሪያው እስኪስተካከልላት ድረስ የሚወዳት ሰው እጇን ሊይዛት አይችልም። ይህች ደስተኛና ለጋስ ሴት፥ ጀግናው የተጠጉትን ስደተኞች ለገዳዮቻቸው አሳልፎ የሰጠ እንደ ሆነ ትታው ትሄዳለች። በአፍሪካም የካሜሩን ሰዎች በያውንዴ ከተማ በኪሮኦ ጌምስ ኩባንያቸው ሠርተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ያወጡት «ኦሪዮን» የተባለ ጨዋታ አለ። የእነርሱ ጀግና ልዑል ኤንዞ ሚስት አይፈልግም፤ ሚስቱ ኤሪኔ ከመጀመሪያው ጀምራ አብራው ናት፤ ዙፋኑን የነጠቀውም የገዛ ወንድሟ ነው። የፍቅር ታሪክ በሠርግ የሚያልቅ ብቻ ሳይሆን ከሠርግ የሚጀምርም እንዳለ በዚህ ይታወቃል።

ከእነዚህ ሁሉ የተረዳነው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም እንቢ ለማለት የማይችል ባልንጀራ እሺ ማለቱ ዋጋ የለውም።

ይህን ትምህርት ለማግኘት ባሕር መሻገር እንኳ ባላስፈለገ ነበር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. በሮማ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ፥ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የምትወጣው ወንድሟን ለመፈለግ ነው፤ የመንገዷ ምክንያት ከፍቅር በፊት የራስዋ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር»ም በዛብህ ወላጆቹ የተሳሉት ስለት አለበት፤ ሰብለ ወንጌልም የፊታውራሪ መሸሻ ልጅነት አለባት። ያ ስለትና ያ የዘር ኩራት ባይኖሩ ኑሮ፥ የሁለቱ ፍቅር አንባቢን ባላስለቀሰ ነበር። እንግዲህ ባልንጀራን የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ «ይህ ሰው ከጀግናው ጋር ባይገናኝ ኑሮ ምን ሊያደርግ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። መልስ ያላገኘ እንደ ሆነ፥ የጻፈው የሰው ጥላ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ወደ ገርጂ ተመልሰን ይህን ለልጁ ስንነግረው፥ «ጋሼ፥ እንቢታዋን እጽፋለሁ፤ ነገር ግን የአማርኛው ነገር አደከመኝ» አለን። እውነቱን ነው። የእንግሊዝ ጸሐፊ ለሁሉ የሚበቃ አንድ ቃል አለው፤ በእኛ ቋንቋ ግን «ና» እና «ነይ» እና «ይምጡ» ልዩ ልዩ ናቸው። ተጫዋቹ ወንድ ወይም ሴት ሊሆን ስለሚችል ባልንጀራዋ የምትናገረው ቃል ሁለት ጊዜ መጻፍ አለበት። በዚህም ላይ ሦስት ምርጫ ሦስት ጊዜ ቢከታተል 27 መንገድ ይወጣል፤ በወንድና በሴት ሲጻፍ 54 ይሆናል። ስለዚህ ብልህ ጸሐፊ መንገዶቹን ለይቶ ከወሰዳቸው በኋላ መልሶ ያገናኛቸዋል፤ ነገር ግን የተደረገውን ነገር ባልንጀራዋ እንዳትረሳ ያደርጋል።

እኛ ግን ችግር የመሰለው ነገር ሀብት መሆኑን ነገርነው። በመጀመሪያው ጽሕፈቱ የራሱ ልጅ ከተገናኙበት ሰዓት ጀምራ ጀግናውን «አንተ» ትለው ነበር። በጨዋ ቤት ያደገች ልጅ ግን የማታውቀውን የተከበረ ሰው «እርስዎ» ትላለች። ከ«እርስዎ» እስከ «አንተ» ያለው መንገድ በአማርኛ ራሱን የቻለ የፍቅር ታሪክ ነው፤ እንግሊዙ በብዙ ገጽ የሚፈልገውን እኛ በአንድ ግሥ እናገኘዋለን። ሰምና ወርቅን ለሚያውቅ ሕዝብ ወዳጅነትን በግልጥ ከመናገር ይልቅ በግሥ መሠወር የተገባ ነው።

ልጁ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አዲሱን ጽሕፈት አሳየን። ጀግናው የመንደሩን ጎተራ ያቃጠለ እንደ ሆነ፥ ሲነጋ በእሳቱ አጠገብ የባልንጀራዋ ቦታ ባዶ ነው፤ ድሪውና ቀሚሱ በደንብ ታጥፈው በቦታዋ ተቀምጠዋል። ልጁ «ተጫዋቹ ይቆጣል» ብሎ ቢፈራ፥ እናቱ ከጓዳ ሁነው፥ «ይቆጣ እንጂ! ተመልሶ ጎተራውን ሳያቃጥል ይጫወተው» አሉት። በሌላው መንገድ ደግሞ ጀግናው ቆስሎ ሲወድቅ፥ እስከዚያ ቀን ድረስ «እርስዎ» ስትለው የኖረችው የራስ ልጅ ሳታስበው «አንተ! ተነሣ እንጂ!» ብላ ትጮኻለች። በማግሥቱ ግን ወደ «እርስዎ» ትመለሳለች፤ ስለ ተናገረችውም ነገር ምንም አታነሣም። ታናሽ እኅቱ ይህን አንብባ ዝም አለች፤ ከዚያም ወረቀቱን መልሳ ከመጀመሪያው ጀመረችው።

የተከበራችሁ አንባብያን፥ ብዙ ወላጆች ይህን ጨዋታ ጊዜ ማባከኛ ነው ብለው መከልከል ብቻ ይወዳሉ። ለጥናትና ለመኝታ ወሰን ማበጀት ተገቢ ነው፤ ስለ ሥጋዊ ነገር የተጻፈውም ለሕፃን የማይገባ ብዙ ስላለ፥ በጨዋታው ላይ የተመለከተውን የዕድሜ ልክ መመርመር ያስፈልጋል። ነገር ግን ልጅ የሰውን ልብ በስጦታና በመጫን ይገኛል ብሎ የተማረ እንደ ሆነ፥ ነገ ትዳር በያዘ ጊዜ ይህንኑ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ማታ ከልጃችሁ አጠገብ ተቀመጡና፥ «ይህች ባልንጀራህ ለምን ትታህ ሄደች?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ራሱ ፈልጎ ያገኘ እንደ ሆነ፥ ያ ማታ በከንቱ አላለፈም።