ሱፐርማን ያላየው የቡሬ ገበያ

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈው የማይክል በርክና የሞሐመድ አሚን ዘገባ የወሎንና የትግራይን ረሃብ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሕዝብ ቤቱ ድረስ አመጣለት። ዘፋኞች ቀድመው ተንቀሳቀሱ። ያኔ የወጡት ዜማዎችና በሐምሌ 1977 በለንደንና በፊላዴልፊያ የተካሄደው ላይቭ ኤድ የተባለው ኮንሰርት እስከ ዛሬ ይወሳሉ። ከዘፋኞቹ ጎን የተሰለፉት የኮሚክ መጽሐፍ ደራሲዎችና ሠዓሊዎች ግን ከነአካቴው ተረስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 ማርቨል የተባለው አሳታሚ ኤክስ-ሜን የሚባሉትን ገጸ ባሕርያቱን ይዞ «ጀግኖች ለተስፋ» የሚል ልዩ እትም አወጣ። በዓመቱ ተፎካካሪው ዲሲ ሱፐርማንንና ባትማንን ወደ ኢትዮጵያ የላከበትን «ጀግኖች ረሃብን ሲፋለሙ» አሳተመ። የሁለቱም ሐሳብ አመንጪዎች ጂም ስታርሊንና በርኒ ራይትሰን የተባሉ ሠዓሊዎች ነበሩ። እነዚህ ሁለት ቀጫጭን መጻሕፍት ዛሬ በኢትዮጵያውያን እጅ ገብተው ቢነበቡ ትልቅ ቁም ነገር ይገኝባቸዋል። የጀግና ጉልበት ረሃብን እንደማያሸንፍ በሐቅ አምነዋል፤ ረሃብ ከየት እንደሚመጣ ግን ስተዋል። የሳቱትን ለማየት ደግሞ ከኮረም ይልቅ በምዕራብ ጎጃም ካሉት ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም መነሣት ይሻላል።

ኮሚክ መጽሐፍ ታሪኩን በተከታታይ ሥዕል የሚተርክ፣ ንግግሩ ከተናጋሪው አፍ አጠገብ በክብ ውስጥ የሚጻፍ የኅትመት ዓይነት ነው። የልዕለ ጀግኖቹ ኮሚክ ዋና ሰው የሚበር፣ እሳት የማይበላው ወይም በአእምሮው ብረት የሚያንቀሳቅስ ፍጡር ነው፤ በየወሩ አንድ ክፉ ይነሣበታል፣ በየወሩም ይጥለዋል። ሥራው የአንድ ሰው አይደለም። አንዱ ታሪኩን ይጽፋል፣ ሁለተኛው በእርሳስ ይነድፋል፣ ሦስተኛው ንድፉን በጥቁር ቀለም ያደምቃል፣ ሌሎች ቀለም ይቀባሉ፣ ፊደል ይጽፋሉ። በሁለቱ የእርዳታ እትሞች ይህ የሥራ ክፍፍል እጅግ ሰፋ፤ ገጾቹ ለብዙ ደራሲዎችና ሠዓሊዎች ጥቂት ጥቂት ሆነው ተከፋፈሉ። በማርቨሉ መጽሐፍ ከተሳተፉት መካከል የአስፈሪ ልቦለዶች ደራሲው ስቴፈን ኪንግ፣ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን፣ እንግሊዛዊው አለን ሙርና የአሳታሚው አንጋፋ ስታን ሊ ይገኛሉ። ገቢውም ለአሜሪካ የወዳጆች አገልግሎት ኮሚቴ የረሃብ እርዳታ ሥራ እንዲውል ተሰጠ። በዘመኑ በዚህ ሙያ ስም ያላቸው ሰዎች በአንድ ሽፋን ሥር የተሰበሰቡበት ሌላ አጋጣሚ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ መጻሕፍቱ ስለ እኛ ምን እንደተናገሩ መጠየቅ የሙያው ምርጥ እጆች ስለ እኛ ምን እንዳሰቡ መጠየቅ ነው።

የማርቨሉ ታሪክ የሚጀምረው ጀግኖቹ አንድ በአንድ በቅዠት ሲመቱ ነው። ኪቲ ፕራይድ የተባለችውን ወጣት ረሃብ ራሱ በካባ ተሸፍኖ ይገጥማታል፤ ይህን ክፍል የጻፈው ኪንግ፣ የሣለው ራይትሰን ነው። የቅዠቱን ምንጭ ተከትለው ጀግኖቹ አፍሪካ ይደርሳሉ፤ በዚያም ከሰው ሥቃይና ተስፋ መቁረጥ የሚመገብ አንድ ረቂቅ ኃይል ያገኛሉ። በዲሲው መጽሐፍ ደግሞ ሱፐርማንና ባትማን የዘወትር ጠላታቸውን ሌክስ ሉተርን ሳይቀር አሰልፈው «ጌታው» ከሚባል፣ ከጥፋትና ከመበስበስ ጉልበት ከሚያገኝ የሌላ ዓለም ፍጡር ጋር ይዋጋሉ። በሁለቱም ታሪክ ክፉው ይሸነፋል፣ ረሃቡ ግን አይወገድም። እዚህ ላይ መጻሕፍቱ ከሙያቸው ልማድ በላይ ሐቀኛ ሆነዋል። ከኤክስ-ሜን መሪዎች አንዷ ስቶርም አፍሪካዊት ናት፤ እናቷ ኬንያዊት ስትሆን የገጸ ባሕርይዋ ኃይል ዝናብና ነፋስ ማዘዝ ነው። በመደበኛው ተከታታይ ግን ከአንድ ዓመት በፊት ኃይሏን ተነጥቃ ስለነበር፣ ድርቅ የመታው አህጉር ላይ የቆመችው ዝናብ ማዝነብ የማትችል ሴት ሆና ነው። ተአምር የማያደርግ ጀግና ለልጆች ማሳየት ድፍረት ይጠይቃል፤ ይህን ድፍረት ሳያመሰግኑ ማለፍ ተገቢ አይሆንም።

ጉድለቱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ረሃቡን የሚያባብሰው ጭራቅ ከሰማይ ወይም ከመንፈስ ዓለም ከመጣ፣ ሰው የሠራው ነገር ከታሪኩ ይወጣል፤ አገሪቱም ከዳር እስከ ዳር የተሰነጠቀ መሬት ብቻ ሆና ትቀራለች። ምዕራብ ጎጃም የዚህ ሥዕል ማስተባበያ ነው። ከደንበጫ በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ቡሬ የሚዘልቀው ወይና ደጋ በዓመት ከአንድ ሺህ ሚሊሜትር የማያንስ ዝናብ የሚያገኝ፣ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳና በርበሬ የሚያበቅል አገር ነው። በደርግ ዘመን የብር ሸለቆ የመንግሥት እርሻ የተመሠረተውም በዚሁ አካባቢ ነበር። ኮረም ላይ ሰው በምግብ እጦት ሲረግፍ፣ በዚያው አገር፣ በዚያው መንግሥት ሥር፣ እህል የሚያወጣ ክፍለ ሀገር ነበረ ማለት ነው። ሱፐርማን ወደ ኢትዮጵያ በበረረበት ገጽ ላይ ቡሬ ባትኖር የሠዓሊዎቹ የካርታ ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም። እህል ያለበት ቦታ ሲሰወር፣ እህሉ ለምን ወደ ተራበው አልደረሰም የሚለው ጥያቄ አብሮ ይሰወራል።

የዚህ ጥያቄ መልስ በከፊል በወቅቱ የእህል ሕግ ውስጥ ይገኛል። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚባለው የመንግሥት ተቋም በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ይጥል፣ ከገበያ ዋጋ በእጅጉ ባነሰ ተመንም እህሉን ይረከብ ነበር። ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ የሚያስረክብበት ጊዜም ነበር። እህል ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር በነጋዴ እጅ እንዳይሻገር በየመንገዱ ኬላ ቆመ፤ የግል የእህል ንግድ ከሁሉ ይበልጥ ከተጨቆነባቸው ክፍለ ሀገራት ሁለቱ ጎጃምና አርሲ ነበሩ። የውጤቱን ምንነት ለመረዳት ልዩ ጥበብ አያሻም። ዋጋው የማያዋጣው ገበሬ ለነገ ብሎ አብዝቶ አያመርትም፤ ትርፍ እህል ወዳለበት የሚሄደው ነጋዴም እህል ወደሌለበት ማድረስ አይችልም። የተሰበሰበው እህል በቅድሚያ ወደ ሠራዊቱና ወደ ከተማ ቀበሌዎች የኅብረት ሱቅ ይሄድ ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት ራሱ የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ አውጆ ኮታውንና ኬላውን ማንሣቱ የሚያሳየው፣ እገዳው የተፈጥሮ ግዴታ ሳይሆን በሰው እጅ ተጥሎ በሰው እጅ የሚነሣ ነገር እንደነበር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ድርቁ እውነት ነበር፤ ኬላ ባይኖርም የጎጃም እህል ወሎን ሁሉ ሊያጠግብ አይችልም ነበር፤ ከብቱ ያለቀበት ገበሬስ እህሉ ቢመጣለት በምን ይገዛዋል? ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ሆኖም ክርክሩን አያፈርሰውም። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የድህነትና የረሃብ ጥናቱ የ1965ቱን የወሎ እልቂት ሲመረምር፣ የአገሪቱ የምግብ ምርት ያን ያህል ሳይቀንስ ሰው ያለቀው የወሎ ገበሬ የመግዛት አቅሙን ስላጣ እንደሆነ አሳይቷል፤ ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህልም ነበር። ይህ መጽሐፍ የማርቨሉ እትም ከመውጣቱ አራት ዓመት በፊት በሱቅ መደርደሪያ ላይ ነበር። በ1977 ደግሞ በዚህ ላይ ጦርነት ተጨመረ፤ በትግራይና በሰሜን ወሎ መንገድም ገበያም የጦር ሜዳ ሆነ። የዝናብ መጥፋት ሰብል ያጠፋል። ሰብል የጠፋበትን ሰው ለሞት የሚያበቃው ግን የገበያው መዘጋት፣ የገንዘቡ ማለቅ፣ የጦርነቱ መቀጠልና ሹማምንቱ ስለ ረሃቡ መስማት አለመፈለጋቸው ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከቢቢሲ ዘገባ ወራት ቀድሞ ዓለምን ተማጽኖ ነበር፤ ያም ሆኖ መስከረም 1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተከበረ። ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱም ከሌላ ዓለም የመጣ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኮሚክ አፍቃሪዎች ይመጣል። ልዕለ ጀግና የሚመታው ክፉ ይፈልጋል፤ በዚህ ዓይነት ድርሰት ስለ ኮታና ስለ ኬላ መጠየቅ ከሙያው የማይጠበቅ ነው ይላሉ። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ራሱ ዘመኑ ነው። ከማርቨሉ መጽሐፍ ተሳታፊዎች አንዱ የሆነው አለን ሙር እ.ኤ.አ. በ1986 ከሠዓሊው ዴቭ ጊበንስ ጋር «ዋችመን» የተባለውን ተከታታይ ሲጀምር፣ ጭንብል የለበሱ ጀግኖችን በመንግሥት፣ በጦርነትና በሥልጣን መካከል አቁሞ መረመራቸው። በዚያው ዓመት ፍራንክ ሚለር ያረጀ ባትማንን ከሚዲያና ከፖለቲካ ጋር አጋጨው። ሙያው ችሎታው ነበረው ማለት ነው፤ ኢትዮጵያን በሚመለከት ግን አልተጠቀመበትም። እኛም ዘንድ በተከታታይ ሥዕል መተረክ ጥንት የታወቀ ነው። በብዙ ሠዓሊዎች እጅ ሲሠራ የኖረው የንግሥተ ሳባ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ በ44 ክፍል ተከፍሎ፣ ከየክፍሉ ሥር ጽሑፍ ታክሎበት ይተረካል። መነሻው ዘንዶው አርዌ ነው። ይህ ዘንዶ ግን እንደ አሜሪካኖቹ ፍጡር ከሰው ሥርዓት ውጭ የሚኖር አይደለም፤ ንጉሥ ነው፣ ሕዝቡም የሚገብረው ለእሱ ነው። አርዌን የሚገድለው ሰውም በክንፍ አይበርም፤ መርዝ የበላ ፍየል አቅርቦ በብልሃት ይጥለዋል። የአገራችን ሠዓሊ ጭራቅን ሲሥል ዙፋንና ግብር ሰጥቶታል። ስለ 1977 ረሃብ የሚሣል ታሪክ ከዚህ የተሻለ መነሻ አያገኝም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የምስጋና ነው። በነጻ ሠርተው ገቢያቸውን ለተራበ የሰጡ ሰዎችን ከአርባ ዓመት በኋላ መተቸት ውለታ ቢስነት ይመስላል። ልግስናቸው እውነተኛ ነበር፤ በቀና ልብ መቀበልም ይገባል። ነገር ግን የሰጡት ሁለት ነገር ነው፦ ገንዘብና ሥዕል። ገንዘቡ በጊዜው ሥራውን ሠርቶ አልፏል። ሥዕሉ ግን ያን መጽሐፍ ባነበበ ልጅ አእምሮ ውስጥ ለረጅም ዘመን ይኖራል፤ ኢትዮጵያዊን እጁን ዘርግቶ ከሚጠብቅ ሰው በቀር ሌላ እንዳያስበው ሊያደርገው ይችላል። የጎጃም ታሪክ ይህን ሥዕልም ያርመዋል። በ1977 እና 1978 ዓ.ም. መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው አንሥቶ ወደ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ሲያሰፍር፣ ያኔ የጎጃም አካል የነበረው የመተከል ቆላ ከዋናዎቹ መዳረሻዎች አንዱ ነበር። ከሰፋሪዎቹ ሌሎች ደግሞ በነባር ገበሬ ማኅበራት መሬት ላይ እየተሰገሰጉ ሰፈሩ። ሰፈራው በግዳጅ የተፈጸመና ብዙ ሕይወት ያጠፋ ስለነበር ጀግንነቱን ለመንግሥት መስጠት አይቻልም። ሆኖም ለእንግዳው ጎጆ የቀለሰው፣ መሬቱን የተካፈለው ነባሩ ገበሬ ነው። ራሱ ኮታ እየተጣለበት፣ ፈቃዱ ሳይጠየቅ ሸክሙን የተሸከመ ሰው በሁለቱ መጻሕፍት ውስጥ አንድም ቦታ የለውም። ረሃብን የሚቋቋም ኃይል ከተፈለገ ግን የሚገኘው እሱ ዘንድ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ መጻሕፍቱ ይጣሉ የሚል አይደለም፤ ይነበቡ የሚል ነው። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ያለ የታሪክ መምህር ስለ 1977 ሲያስተምር፣ ዓለም እንዴት እንዳየን ለማሳየት ከእነዚህ ገጾች የተሻለ ማስረጃ በቀላሉ አያገኝም። ተማሪው የጭራቁን ገጽ ከኮታው ሕግና ከሴን ጥናት ጎን አድርጎ ቢያነብ፣ ለአንድ እልቂት የሚሰጥ ምክንያት ለመፍትሔውም አቅጣጫ እንደሚወስን ይገነዘባል። ጥፋተኛው ጭራቅ ከሆነ የሚያስፈልገው ጀግና ነው፤ ጥፋተኛው ኬላ ከሆነ ግን ኬላውን ማንሣት የዜጋና የመንግሥት ሥራ ይሆናል። ከንባቡ በኋላ የሚቀረው መሣል ነው። በሙያው ሰው አላጣንም፤ በብስራት ደበበ የተመሠረተው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የአማርኛ ልዕለ ጀግና ኮሚክ አውጥቶ፣ በአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ የሆነን ወጣት ባለ ታሪክ አድርጎታል። ጀግናው ከሰፈር ሊነሣ እንደሚችል ታይቷል። አሁን የሚያስፈልገው ያንን ዘመን ከውስጥ የሚያውቅ ታሪክ ነው፤ የኮረምን መጠለያና የቡሬን ገበያ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ማን እንደዘጋው በስሙ የሚጠራ። ሱፐርማን ሊሠራው ያልቻለው ሥራ ይህ ነው፤ የኢትዮጵያ ደራሲና ሠዓሊ ግን ይችለዋል፤ ዕዳም አለበት።