አብሽ ለስኳር፦ የት ድረስ ያስኬዳል?

በሰሜን ሸዋው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ገበያ ቅመም የዘረጋች ሴት ዘንድ አብሽ የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዷ አራስ ልትጠይቅ የምትሄድ ናት፤ ወተቷ እንዲበዛ፣ ገላዋ ቶሎ እንዲመለስ በማር አድርጋ ልትመታላት። ሌላው “ስኳር አለብኝ” የሚል ጎልማሳ ነው፤ ዱቄቱን በውኃ በጥብጦ ጠዋት በባዶ ሆዱ ሊጠጣው። አንዷ ሰው ልታወፍርበት፣ ሌላው ስኳሩን ሊያወርድበት ከአንድ ጆንያ ይሰፈርላቸዋል። ሻጯም ለሁለቱም “ፍቱን ነው” ትላለች። የሚገርመው፣ ለሁለቱም ፈጽማ አልዋሸችም።

አብሽ የባቄላ፣ የሽንብራና የምስር ዘመድ ነው። ከሰው ጉልበት ብዙም የማያልፍ፣ ነጣ ያለ አበባ የሚያወጣ ተክል ሲሆን ፍሬው እንደ ማጭድ ጎበጥ ባለ ቀጭን ሽፋን ውስጥ ተደርድሮ ይበስላል። የመንዝን የላይኛውን ውርጭ አይወደውም፤ እዚያ የገብስ አገር ነው። የሚስማማው ወይና ደጋው ነው። ደገኛው ቤት የሚገባው በገበያ በኩል ሲሆን ከገባ በኋላ ግን ከጓዳ አይጠፋም፤ ለቅቤ ማንጠሪያው እሱ፣ ለበርበሬው እሱ፣ ለአራሷም እሱ።

ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ባለሙያዋ ሴት ስትመታው ማየት ይበቃል። ዱቄቱን በውኃ ትዘፈዝፈዋለች። ሲያድር ያብጣል፤ ላዩ ላይ ቢጫ መራራ ውኃ ይተኛል። ያንን ደፍታ አዲስ ውኃ ትጨምራለች፤ ምሬቱ እስኪለቅ ደጋግማ ታጥበዋለች። ከዚያ መምታት ነው። ክንዷ እስኪዝል ስትመታው ቢጫው እየነጣ፣ እየተኮፈሰ ይሄድና እፍኝ የማይሞላው ዱቄት ሳህኑን ይሞላዋል። በመጨረሻ ማር ወይም ስኳር ይገባበታል። አራሷን የሚያወፍራት እንግዲህ ከአብሹ ይልቅ ማሩ፣ አብሮት የሚቀርበው ገንፎና ቅቤው ነው። የስኳር ሕመምተኛ “አብሽ ጥሩ ነው ብለውኛል” ብሎ ከዚሁ ሳህን ቢጠጣ ስኳሩ ይወጣል እንጂ አይወርድም።

አብሹ ሲመታ የሚታየው ዝልግልግነት ነው ዋናው ቁም ነገር። ከአብሽ ፍሬ ክብደት ግማሽ ያህሉ ፋይበር የሚባለው አሰር ነው፤ ከዚህም ከፊሉ ውኃ ሲያገኝ አብጦ የሚዝለገለግ ዓይነት ነው። ሆድ ውስጥ ሲገባ ምግቡን ይይዘዋል፤ ከጨጓራ ወደ አንጀት ቀስ ብሎ እንዲወርድ፣ ከእንጀራው የሚወጣው ስኳርም ወደ ደም ቀስ በቀስ እንዲገባ ያደርጋል። ከበሉ በኋላ ስኳር በአንዴ ሽቅብ እንዳይወጣ የሚገታው ይኼ ነው። ከዚህ ሌላ 4-ሃይድሮክሲ-አይሶሉሲን የሚባል አሚኖ አሲድ በፍሬው ውስጥ ይገኛል፤ በቤተ ሙከራ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ሲያነቃቃ ታይቷል። አብሽ የጠጣ ሰው ላቡና ሽንቱ አብሽ አብሽ የሚለው ደግሞ ሶቶሎን በተባለ ውሁድ ምክንያት ነው፤ ይኼኛው ለስኳሩ ምንም አይፈይድም፣ ለጎረቤት ያሳብቃል እንጂ።

አብሽን በሰው ላይ ከሞከሩት መካከል ሕንዶች ይቀድማሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሻርማና ባልደረቦቹ ሃይደራባድ ውስጥ ኢንሱሊን ለሚወጉ ሕመምተኞች በቀን 100 ግራም ዘይቱ የወጣለት የአብሽ ዱቄት ሰጡ፤ ግማሹን በምሳ፣ ግማሹን በእራት፣ ለ10 ቀን። በሽንት የሚወጣው ስኳር በ54 በመቶ ቀነሰ። ይህች ቁጥር ከአፍ ወደ አፍ ስትተላለፍ “አብሽ ስኳርን በግማሽ ይቀንሳል” ሆና ትደርሳለች። በመንገድ የሚጠፋው ግን ዋናው ነገር ነው። ሰዎቹ ኢንሱሊናቸውን አላቋረጡም። መጠኑም ቢሆን 100 ግራም ማለት የሻይ ብርጭቆ ሞልቶ የሚተርፍ ዱቄት ነው፤ የኛ ሰው ጠዋት የሚበጠብጠው አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። በአንድ ማንኪያ የዚያን ሁሉ ውጤት መጠበቅ አይሆንም፤ ሙሉውን ልውሰድ ያለ ደግሞ ሆዱ ተነፍቶ፣ ተቅማጥ ይዞት ይውላል።

“እኔ ኬሚካል አልወስድም፣ የሀገሬን ቅጠል እጠጣለሁ” ለሚል ሰው የስኳር መድኃኒቱን የሜትፎርሚንን የትውልድ ታሪክ መንገር ደስ ይለኛል። በየጤና ጣቢያው የሚታደለው ነጭ ክኒን ዘሩ ከአውሮፓ ሜዳ ነው። ጋሌጋ የሚባል ተክል አለ፤ እንደ አብሽ የባቄላ ወገን ነው፤ የአውሮፓ ገበሬዎችም በመድኃኒትነት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ስኳር ያወርዳል፤ ነገር ግን መርዛማነቱ ያይላል። ኬሚስቶች የሱን ቅርጽ ተከትለው ለሰው የሚስማማ አቀነባበሩ፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን እ.ኤ.አ. በ1957 በሕመምተኞች ላይ ያየውን አሳተመ። ልዩነቱ “ቅጠል” እና “ኬሚካል” መሆኑ ላይ አይደለም። ክኒኑ ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ይታወቃል፤ የዛሬውም የነገውም እኩል ነው። የአብሹ ግን እንደ ዘሩ፣ እንደ መሬቱና እንደ ማንኪያው ይለያያል።

ከአብሽ ጎን የሚሰለፉም አሉ። ጦስኝ የመንዝ የራሱ ነው፤ ጓሳ አካባቢ በብርዱ መካከል ይበቅላል፤ ደረቁ ለሻይ ይሸጣል፤ ለደም ግፊትም ለስኳርም ይታዘዛል። ግራዋ አለ፤ “መራራ ጣፋጭን ይሰብራል” በሚል ሂሳብ። ከደቡብ፣ ከኮንሶና ከአርባ ምንጭ በኩል የሚመጣው ሽፈራው ደግሞ በዱቄት ታሽጎ ከተማውን አጥለቅልቆታል። ስለነዚህ በአይጥ ላይ የተሠራ እንጂ በሰው ላይ በቂ የሆነ ማስረጃ የለም። ስኳር ያልገባበት የጦስኝ ሻይ ለብርድ ቀን ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ አልመሰክርለትም። በእንክብል ታሽገው ከውጭ የሚመጡትን “የስኳር ዕፅዋት” ግን እፈራቸዋለሁ፦ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ባሉ ምርቶች ውስጥ ሳይጻፍ የተጨመረ ግሊቤንክላማይድ የሚባል የስኳር መድኃኒት አግኝቶ ሕዝብ አስጠንቅቋል።

የከተማው ወሬና የደጋው እውነት የሚለያዩት በሕመሙ ዓይነት ላይ ነው። ከተማ ላይ ስኳር ሲባል የሚታሰበው ወፍራም፣ ተቀምጦ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። የሱ ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፣ ሰውነቱ ነው እምቢ ያለው፤ አብሹም ሊያግዘው ይችላል። የገጠሩ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። የጎንደሯ ሐኪም ሽታዬ አለሙና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት በገጠር ክትትል ላይ ካሉት ብዙዎቹ ቀጫጭን፣ ድሆችና ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችሉ መሆናቸውን አሳይተዋል። በልጅነት የደረሰ የምግብ እጥረት ይኖርበት ይሆን ሲሉም ጠይቀዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር “ዓይነት 5” ብሎ ተቀብሎታል። የሰሜን ሸዋ ደጋም የረሃብን ዘመን ያየ አገር ነው።

እንዲህ ያለው ቀጭን ወጣት መርፌውን ጥሎ አብሽ ቢጠጣ አብሹ የሚያግዘው ነገር የለም፤ ሊቀሰቅስ የሚችለው ኢንሱሊንም አይበቃውም። ውኃ ውኃ ይለዋል፣ ሌሊት ሽንት ያመላልሰዋል፣ ይከሳል፤ ከዚያ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሹ ይበረታል፣ ደሙ አሲድ ይሆናል። ይህ የቀናት ጉዳይ ነው። ለመርሐቤቴ ሰው ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል፣ ለመንዝ ሰው መሐል ሜዳ ሆስፒታል እስኪደረስ ድረስ መንገዱም አለ። ጠበል የሚገባ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ይጠመቅ፣ መርፌውን ግን ይዞ ይሂድ። የደጋ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለበት፦ ኢንሱሊን ሙቀትን ብቻ ሳይሆን ውርጭንም አይችልም፤ አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም አይሠራም።

ለመንዝ ቤት አንድ ነገር ምረጥ ብባል ከአብሹ በፊት ገብሱን እመርጣለሁ። ገብስ ቤታ-ግሉካን የሚባል ሟሚ አሰር አለው፤ ሥራው ከአብሹ ዝልግልግ ጋር አንድ ነው፣ በዚያ ላይ በማንኪያ ሳይሆን በእንጀራና በቅንጬ መልክ በየቀኑ ይበላል። ሸርከት ያለው ቅንጬ ከላመው በሶ ይልቅ ቀስ ብሎ ይፈጫል። መጠን ግን አለው፤ ገብስ ነው ተብሎ ሁለት እንጀራ አይጎረስም፣ ጠላውም እዚህ ሂሳብ ውስጥ አይገባም።

አብሽ መሞከር የሚፈልግ፣ ስኳሩ በክኒን የተያዘ ሰው፣ ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ ነግሮ ማር ሳይጨምር ከምግብ ጋር ይውሰደው። ዝልግልጉ መድኃኒቱንም ስለሚያዘገይ ክኒኑንና አብሹን በሰዓት ያራርቅ። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይና ግሊቤንክላማይድ የሚውጥ ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ፦ ባዶ ሆድ፣ ክኒንና አብሽ ሲደራረቡ ስኳር ከመጠን በታች ይወርዳል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ዓይን ይጨልማል። ያን ጊዜ ጾሙ ይቆይና ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣል። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አብሽ በብዛት አይጠጣ፤ ነፍሰ ጡርም በወጥ ውስጥ ከሚገባው በላይ አትውሰድ፣ ማኅፀን ያነቃቃል ተብሎ ይሰጋልና። አራስ ቤቱ እስኪደርስ ትጠብቀው።