ውልና ስንቅ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን የገባ መንገደኛ በመጀመሪያ የሚያውቀው ብርዱን ነው። በዚሁ አካባቢ ሁለት የቀድሞ መናገሻዎች፣ አንጎለላና አንኮበር፣ መኖራቸውን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ስለ ጦር ቃል ኪዳንና ስለ ረጅም ጦርነት ብዙ በሚነገርበት በዚህ ዘመን፣ ለተማሪዎቻችንና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ከሩቅ አገር ምሳሌ ከምንፈልግ፣ በእነዚህ ስፍራዎች የነበሩ ነገሥታት ያደረጉትን ውል ብንመለከት ይሻላል።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። በ1835 ዓ.ም. ደግሞ ከፈረንሳዊው ከሮሼ ዴሪኩር ጋር ሌላ ውል አደረጉ። የንጉሡ ፍላጎት ጠመንጃ ነበር፤ ሃሪስም ጠመንጃና መድፍ በገጸ በረከት አምጥቶላቸዋል። ነገር ግን ጠላት ሲመጣ እንግሊዝ ጦር ትልካለች የሚል ቃል በውሉ አልተጻፈም። ንጉሡ በ1840 ዓ.ም. ዐረፉ። ከስምንት ዓመት በኋላ ዓፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ ሲዘምቱ ከለንደንም ሆነ ከፓሪስ የደረሰ ረዳት አልነበረም። ልጃቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ታመው ሞቱ፤ የአሥራ አንድ ዓመቱ ምኒልክም ተማርከው ሄዱ። እንግሊዝን በዚህ ልንወቅሳት አንችልም፤ የተዋዋለችው ስለ ንግድ ነበርና።

ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ሲገቡ ይህን ነገር የዘነጉት አይመስለንም። በአንኮበር አጠገብ በልጥ ማረፊያ የኢጣልያ ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች እንዲሰፍሩ ፈቀዱ። በጥቅምት 1880 ዓ.ም. በኮንት አንቶኔሊ በኩል 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ሊሰጣቸው ኢጣልያ ቃል ገባች። ኢጣልያ በዋጋው የፈለገችው፣ ከዓፄ ዮሐንስ ጋር ስትጣላ ምኒልክ ዝም እንዲሉላት ነበር። እኛ ይህን ውል ለማመስገን አንቸኩልም።

የውጫሌ ውል ነገር በየትምህርት ቤቱ የታወቀ ስለሆነ አናረዝመውም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ፣ ከኤውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚደረገው ጉዳይ በኢጣልያ መጠቀም በአማርኛው «ይቻላል» ሲሆን በኢጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ከዚያ እስከ ዘመቻው ያለፈው ስድስት ዓመት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጻፉ፤ በሚያዝያ ለኤውሮፓ መንግሥታት የአገራቸውን ወሰን አስታወቁ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መተዋቸውን ገለጹ፤ የተበደሩትንም ገንዘብ መለሱ። በእነዚሁ ዓመታት ክፉ ቀን ከብቱን ፈጅቶት ነበር። በሬ ያለቀበት አገር ጦር መቀለብ አይችልም። ደብዳቤው ሲመላለስ ገበሬው ጥቂት አገገመ፤ ጠመንጃም በባሕር በኩል ይገባ ነበር።

ክተቱ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ከታወጀም በኋላ ንግግሩ አልተቋረጠም። መቀሌ ላይ የተከበበው የኢጣልያ ጦር በስምምነት እንዲወጣ ተፈቀደለት። ዐድዋ ሲደረስ ደግሞ ጄኔራል ባራቲየሪ የቀረው ስንቅ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚበቃ ነበር፤ የእኛም ሠራዊት አገሩን በልቶ ጨርሶ ሊመለስ ተቃርቦ ነበር። የካቲት 23 ቀን ከሁለቱ አንዱ ባይቸኩል ኖሮ ነገሩን ረኀብ ይቈርጠው ነበር ለማለት እንደፍራለን። ዓፄ ምኒልክ ካሸነፉ በኋላ መረብን አልተሻገሩም፤ ለዚህም እስከ ዛሬ የሚወቅሷቸው አሉ። ወቃሾቹ ግን ያን ጦር በምን ስንቅ ባሕር እንደሚያደርሱት አይነግሩንም። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ኢጣልያ የውጫሌን ውል ሽራ የኢትዮጵያን ፍጹም ነፃነት በፊርማዋ አወቀች፤ በዚያው ዓመት ፈረንሳይና እንግሊዝም መልእክተኞች ልከው ተዋዋሉ።

ውል ብቻውን ምን እንደሚሆን ደግሞ በ1928 ዓ.ም. ታይቷል። ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች፤ ከኢጣልያም ጋር በ1920 ዓ.ም. የወዳጅነት ውል ነበራት። ማኅበሩ በኢጣልያ ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅ ዘይቱን ተወው። ከዚያ በኋላ በሸዋ ተራራዎች አምስት ዓመት የዘለቀውን የእነ አበበ አረጋይን ጦር የመገበው የገበሬው ጎተራ ነው።

ይህን ሁሉ ለማንሣት ያነሣሣን ግን የቅርቡ ነገር ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ሲያዳርስ፣ ከወሎ የሸሹ ቤተሰቦች በደብረ ብርሃን ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ በተጀመረ በሁለት ዓመቱ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የቀረበው ቃል በመጀመሪያው ወር ሊቀርብ የማይችል ነበርን? ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያረቅቁት ወጣቶቻችን ይህን ጥያቄ ሲመረምሩ፣ በዚያ ብርድ በክፍል ወለል ላይ ያደሩትን ልጆች አብረው እንዲያስቡ እንለምናቸዋለን።